ሰንብቶ የሚፈርሰውና ጸንቶ የሚኖረው፤ የኦሞ ወንዝና የጉብኝቱ ታሪክ በወላይታ በኩል

በ2000 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ፣ ሰኔ 19 ቀን፣ በኒውዮርክ ከተማ ኢስት ሪቨር በተባለው ውሃ ዳር አራት ሰው ሠራሽ ፏፏቴዎች ቆመው ውሃ መልቀቅ ጀመሩ። በዚያው ክረምት፣ ከወላይታ ሶዶ በስተምዕራብ ኦሞ ወላይታንና ዳውሮን ለይቶ በሚያልፍበት ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ፣ የጊቤ ሦስት ግድብ ሥራ ሁለተኛ ዓመቱን አገባዶ ነበር። የመጀመሪያው ሥራ ከአራት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ፈርሶ እንዲነሣ ታስቦ የተሠራ የኪነ ጥበብ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ የታቀደ የኀይል ማመንጫ ነው። በመጠንም፣ በዓላማም፣ በወጪም የሚወዳደሩ አይደሉም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ያገናኛቸዋል፤ ይኸውም ሁለቱም ሰው ወንዝን የሚያይበትንና ለማየት የሚሄድበትን መንገድ መለወጣቸው ነው።

መሐንዲስ ወንዝን የሚያውቀው በሜትር ኩብ በሰከንድ፣ በከፍታ ልዩነትና በደለል መጠን ነው። መንገደኛና ጎብኚ ግን ወንዝን የሚያውቀው በዐይኑና በጆሮው ነው። የሁለቱ ዕውቀት ሳይገናኝ ሲቀር የሚጎዳው ማን እንደሆነ ለመረዳት፣ በሀገራችንም በውጭም የተሠሩትን አንድ በአንድ መመልከት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ሸለቆውና የቀድሞ ስሙ

የወላይታ ደጋ በዳሞታ ተራራ ዙሪያ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት፣ እንሰትና ቦዬ፣ በቆሎና ስኳር ድንች በየጓሮው የሚታይበት አገር ነው። ከሶዶ ወደ ምዕራብ፣ በኪንዶ ኮይሻና በኪንዶ ዲዳዬ በኩል ሲወረድ ግን አገሩ ይለወጣል። ሙቀቱ ይበረታል፤ ቤቱ ይሳሳል፤ ገደሉ ይጠልቃል። የኦሞ ሸለቆ ለከብቱ የገንዲ፣ ለሰው የወባ አገር ሆኖ ስለኖረ ደገኛው ለጉዳይ ይሻገረዋል እንጂ አይሰፍርበትም ነበር። ወንዙ ከመንገድነቱ ይልቅ ድንበርነቱ ይበልጥ ነበር። በዳውሮ በኩል በንጉሥ ሐላላ ስም የሚታወቀው፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተሠራው ረዥም ካብ ለዚህ ምስክር ነው፤ በወላይታም በኩል በንጉሥ አማዶ ስም የሚጠራ ካብ አለ። የዛሬ መሐንዲስ እነዚህን ካቦች ሲያይ የሚያደንቀው መልካቸውን ብቻ አይደለም። ማያያዣ የሌለው ግንብ በተዳፋት መሬት ላይ ይህን ያህል ዘመን መቆሙ የመሠረት፣ የውሃ ማስወገጃና የድንጋይ አመራረጥ ዕውቀት የነበረ መሆኑን ያስረዳል።

ኦሞ መጨረሻው የት እንደሆነ የውጭ ሰዎች ለረዥም ጊዜ ሲከራከሩበት ኖረዋል። ወደ ዐባይ ይገባል ያሉም ነበሩ። ወንዙ ወደ ሩዶልፍ፣ ማለትም ዛሬ ቱርካና ወደሚባለው ሐይቅ እንደሚገባ ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1896 የተጓዘው የኢጣሊያዊው የቪቶሪዮ ቦቴጎ ቡድን ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን 760 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ ወንዝ በካርታ ላይ ተሰመረ እንጂ፣ በውሃው ላይ ሆኖ ከላይ እስከ ታች ያየው ሰው ብዙ ዘመን አልተገኘም።

የጎማ ጀልባ ዘመን

በወንዝ ላይ በሚነፋ የጎማ ጀልባ መጓዝ በኢትዮጵያ የታወቀው በዐባይ ነው። በ1960 ዓ.ም. ክረምት፣ በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የብሪታንያ ጦር ቡድን በዐባይ ሸለቆ ባደረገው ጉዞ በጎማ ጀልባ ተጠቅሟል። ጉዞው የሰው ሕይወት የጠፋበት ቢሆንም፣ ኀይለኛ ውሃ በጎማ ጀልባ ሊታለፍ እንደሚችል ለዓለም አሳየ።

የኦሞ ተራ የደረሰው በ1965 ዓ.ም. ነው። ሪቻርድ ባንግስና ጆን ዮስት የተባሉ ወጣት አሜሪካውያን ከጓደኞቻቸው ጋር መጥተው ኦሞን በጎማ ጀልባ ወረዱ። ለማኅበራቸው የሰጡት ስም ሶቤክ ነበር፤ ሶቤክ የጥንት ግብፃውያን በአዞ ራስ የሚሥሉት አምላክ ነው። አዞና ጉማሬ የሞላበትን ወንዝ ለመውረድ የተነሡ ሰዎች ይህን ስም መምረጣቸው ከቀልድም ከጸሎትም የተቀላቀለ ይመስላል። ይህ ጉዞ ከጊዜ በኋላ በብዙ አህጉራት ወንዞችን በጎማ ጀልባ የሚያስጎበኝ ድርጅት መነሻ ሆነ። ከዚያም በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት፣ በሀገሪቱ ሁኔታ መለዋወጥ ምክንያት እየተቋረጠም እየቀጠለም፣ ኦሞ በዓለም የወንዝ ተጓዦች ዘንድ የታወቀ ስም ሆኖ ቆየ።

የጉዞው መነሻ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የጊቤ ድልድይ ነበር። ከዚያ ወደ ታች ያለው የወንዝ ክፍል ወላይታን በቀኝና በግራ ከሚዋሰኗት አገሮች ሸለቆዎች ጋር እያገናኘ ይወርዳል። ከዐለት ስንጥቅ የሚወጡ ፍል ውሃዎች፣ ከደጋው የሚወረወሩ ፏፏቴዎች፣ በአሸዋ ዳርቻ የሚያድሩ ጉማሬዎች የጉዞው ጌጦች ነበሩ። ለጀልባው ወሳኙ የውሃው ልክ ነው። በክረምቱ ልብ ሙላቱ ያስፈራል፤ በበጋው መጨረሻ ድንጋዩ ይገጣል፤ ስለዚህ የተመረጠው ጊዜ ዝናቡ ጋብ ብሎ ወንዙ ገና ሳይጎድል ያለው ወቅት ነው። እንግዲህ የኦሞ ጉብኝት ከመነሻው የተመሠረተው በወንዙ የተፈጥሮ ከፍና ዝቅ ላይ ነበር ማለት ነው። ይህ ነጥብ ኋላ ለሚመጣው ነገር ቁልፍ ነው።

ከዚህ ጉብኝት ወላይታ ያገኘችው ምን ነበር? እውነቱን መናገር ይገባል፤ ጥቂት ነው። የጀልባ ተጓዥ ስንቁንና ድንኳኑን ይዞ የሚወርድ፣ ከወንዙ ዳር የሚያድር፣ ደጋውን ቀና ብሎ ከማየት በስተቀር የማይወጣ እንግዳ ነው። በሶዶ ገበያ ቅቤና ቆጮ አይገዛም፤ በሶዶ ሆቴል አያድርም። ቱሪዝም ጭስ የሌለው ኢንዱስትሪ ነው የሚባለው ብሂል እዚህ ላይ እውነትነቱ ግማሽ ነበር፤ ጭሱም አልታየም፣ ገቢውም አልታየም። ሆኖም የወንዙ ስም በዓለም ላይ መታወቁ ራሱ ሀብት ነው። ስም ያለው ወንዝ መንገድና ማረፊያ ሲሠራለት ገበያ ይሆናል፤ ስም የሌለው ወንዝ ግን መንገድ ቢሠራለትም ጎብኚ የሚያገኘው በስንት ልፋት ነው።

ጊቤ ሦስት

የጊቤ ሦስት ግንባታ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ተጀመረ። የግድቡ ከፍታ 243 ሜትር ነው፤ በሮለር የተጠቀጠቀ ኮንክሪት ከሚባለው ዐይነት ሲሆን፣ በተጠናቀቀበት ጊዜ በዚህ ዘዴ ከተሠሩት የዓለም ግድቦች ሁሉ ከፍተኛ ከሚባሉት ተርታ የሚመደብ ነው። የሲቪል ሥራው ተቋራጭ የኢጣሊያው ሳሊኒ ነበር። እያንዳንዳቸው 187 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ 10 ተርባይኖች ተተክለውለት በጠቅላላው 1,870 ሜጋ ዋት ኀይል ያለው ሲሆን፣ ከጀርባው ያለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ 14.7 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል፤ ርዝመቱም 150 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. መሞላት ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያዎቹ ተርባይኖች ኀይል ሰጡ፤ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ጠቅላላ ሥራው ተመረቀ።

የጥቅሙን መጠን ለማሳነስ የሚሞክር መሐንዲስ አይገኝም። ግድቡ በተመረቀበት ዘመን የሀገሪቱን የማመንጨት ዐቅም በእጥፍ ያህል ያሳደገ ሥራ ነው። ወላይታ ሶዶም ከዚህ የተነሣ በኀይል ካርታው ላይ ማዕከል ሆናለች። ከግድቡ የሚነሣው የ400 ኪሎ ቮልት መሥመር ሶዶ ይደርሳል፤ ከሶዶ ደግሞ የ500 ኪሎ ቮልት ቀጥተኛ ጅረት መሥመር ተነሥቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ይደርሳል። ይህ መሥመር እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ለማስተላለፍ የተነደፈ ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሥራ ጀምሯል። ቀድሞ ከብቱ በገንዲ የሚያልቅበት ቆላ፣ ዛሬ ድንበር ተሻግሮ የሚሸጥ ሀብት የሚመነጭበት ሆኗል።

በአንጻሩ የተከፈለውም ዋጋ አለ። ከሶዶ ወደ ጭዳ የሚያሻግረው የቀድሞው መንገድ ከሐይቁ ወለል በታች ስለሚውል በሌላ አቅጣጫ እንደገና መሠራት ነበረበት። ከጊቤ ድልድይ ተነሥቶ ሳይቋረጥ እስከ ታችኛው ኦሞ የሚደርሰው የጎማ ጀልባ ጉዞም ከዚያ ወዲህ የለም፤ መካከለኛው ክፍል ከፈጣን ውሃነት ወደ ጸጥተኛ ሐይቅነት ተለውጧልና። ከዚያ በታች ደግሞ በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የኮይሻ ግድብ ሌላውን ክፍል ይወስዳል። ከግድቡ በታች ደግሞ የወንዙ ከፍና ዝቅ ከዝናብ ይልቅ የተርባይን ትእዛዝ የሚከተል ሆነ። የታችኛው ኦሞ ነዋሪዎች የሚተዳደሩበት የውሃ ሸሽ እርሻ የሚያስፈልገው ግን ዓመታዊው ሙላት ነበር። ቱርካና ሐይቅም ከሚያገኘው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ ከኦሞ ስለሆነ፣ ዩኔስኮ በ2010 ዓ.ም. የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮችን አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ አስገብቷቸዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለሙያው ሰው ትልቁ ትምህርት የቀን ቅደም ተከተሉ ነው። የግድቡ የአካባቢና የማኅበራዊ ተፅዕኖ ጥናት የጸደቀው በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ሥራው ከተጀመረ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ጥናቱ ለታችኛው ሸለቆ በየዓመቱ ለተወሰኑ ቀናት ሰው ሠራሽ ሙላት እንዲለቀቅ ሐሳብ ያቀረበ ቢሆንም፣ ንድፉ ቀድሞ በተቆረጠበት ግድብ ላይ የሚመጣ ሐሳብ ምን ጊዜም እንደ ቅጥያ ይቆጠራል። ግድቡ መሠራቱ ሳይሆን የጥያቄው መዘግየት ነው ቅሬታውን የወለደው።

የሌሎች ልምድ፤ ጊዜያዊ ፏፏቴና ያልተዘረጋ ጨርቅ

አሁን ወደ ኒውዮርክ መመለስ ይቻላል። አራቱን ፏፏቴዎች ያቀደው ኦላፉር ኤሊያሰን የተባለ የዴንማርክና የአይስላንድ ተወላጅ ሠዓሊ ነው። ከፍታቸው ከ27 እስከ 37 ሜትር ያህል ሲሆን፣ የተሠሩት ማንኛውም የሕንፃ ተቋራጭ በሚያውቀው የብረት እስካፎልዲንግ ነው። ፓምፖች ውሃውን ከወንዙ ስበው ወደ ላይ ያወጡታል፤ ውሃውም ከላይ ተመልሶ ይወርዳል። ዓሣዎች እንዳይሳቡ በመሳቢያው ዙሪያ ማጣሪያ ነበረ። ሠዓሊው ብረቱን በሽፋን አልደበቀም፤ ተመልካቹ የውሃውን ውበትና ያንን ውበት ያቆመውን አጥንት ባንድነት እንዲያይ ፈለገ። ወጪው 15.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2001 ዓ.ም. ከቆየ በኋላ ተነሣ። ከተማው ባወጣው ግምት 1.4 ሚሊዮን ሰው ያየው ሲሆን፣ ለከተማው ኢኮኖሚ ያስገኘው ጥቅም ወደ 69 ሚሊዮን ዶላር ተሰልቷል። ዋናዎቹ ተጠቃሚዎችም ፏፏቴውን ከውሃው ላይ ሆነው የሚያሳዩ የጀልባ ድርጅቶች ነበሩ።

ጉዳትም አልጠፋም። ኢስት ሪቨር ስሙ ወንዝ ይሁን እንጂ በእርግጥ የባሕር መተላለፊያ ስለሆነ ውሃው ጨዋማ ነው። ነፋስ ያመጣው ጤዛ በብሩክሊን በኩል ያሉትን ዛፎች ቅጠል አቃጠለ። ባለሥልጣኖቹም የሥራውን ሰዓት በግማሽ ያህል ቀነሱ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጊዜያዊ ሥራ ሲሳሳት ለማረም የሚያስፈልገው ፓምፑን ማጥፋት ብቻ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህ ይረቅቃል። ክሪስቶና ባለቤቱ ዣን ክሎድ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት በአርካንሳስ ወንዝ ላይ ብርማ ጨርቅ ለመዘርጋት ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ደከሙ። በ67 ኪሎ ሜትር ያህል የወንዝ ርዝመት ውስጥ በስምንት ክፍል የሚከፋፈል ወደ 9.5 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጨርቅ በብረት ገመድ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ ለሁለት ሳምንት ብቻ እንዲታይ ነበር ሐሳቡ። ይህ ወንዝ እንደ ኦሞ ሁሉ በጎማ ጀልባ ተጓዦች የታወቀ ነው፤ የጨርቁም ከፍታ ጀልባ በሥሩ እንዲያልፍ ተደርጎ ተሰልቷል። ተቃዋሚዎች ግን ተነሡ። ዓሣ አጥማጆች፣ የመንገዱ ተጠቃሚዎች፣ በገደሉ ላይ ለሚኖረው የዱር በግ የሚቆረቆሩ ሰዎች ፍርድ ቤት ድረስ ተሟገቱ። የመሬቱ ባለቤት የሆነው የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ለአሥራ አራት ቀን ጨርቅ ሙሉ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት አስጠንቶ ውሳኔ የሰጠው በ2004 ዓ.ም. ነው። ዣን ክሎድ ከዚህ በፊት ዐርፋለች። ክርክሩ በፍርድ ቤት ሲጓተት ቆይቶ፣ ጥር 17 ቀን 2009 ዓ.ም. ክሪስቶ ሥራውን መተዉን አስታወቀ። ጨርቁ አልተዘረጋም።

ጊቤ ሦስት የተመረቀው ከዚህ ቀን በፊት ባለው ወር ነበር። ለሁለት ሳምንት ጨርቅ ከሃያ ዓመት በላይ የተጠየቀበትና ለመቶ ዓመት ግድብ ጥያቄው ሥራው ከተጀመረ በኋላ የደረሰበት ዘመን አንድ ዘመን ነው። ይህን ማነጻጸር ሀብታም አገር ለቅንጦት ያለውን ትዕግሥት ከድኻ አገር ችኮላ ጋር ማወዳደር ነው የሚል መልስ ሊቀርብ ይችላል። መልሱ ክብደት አለው፤ በጨለማ ያለ ሕዝብ ሃያ ዓመት ይጠብቅ ማለት አይቻልምና። ነገር ግን ጥያቄውን ቀድሞ መጠየቅ ሃያ ዓመት አይፈጅም። የግድቡ የጂኦሎጂ ቁፋሮ በሚካሄድበት ወራት የወንዙን ተጠቃሚዎች መቁጠር ይቻላል።

ጢስ ዐባይ ያስተማረው

ይህ ጥያቄ ለሀገራችን አዲስ አይደለም። ከባሕር ዳር በታች ያለው የጢስ ዐባይ ፏፏቴ በ1 ብር ኖት ጀርባ ላይ እስከ መታተም የደረሰ የሀገር ምልክት ነው። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዐባይ ማመንጫ 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ስለነበር፣ ከፏፏቴው በላይ የሚወስደው ውሃ መልኩን እምብዛም አልነካውም። በ1993 ዓ.ም. የተጨመረው ሁለተኛው ማመንጫ ግን 73 ሜጋ ዋት ነበር፤ ከጣና መውጫ ላይ ከተሠራው የጨራ ጨራ መቆጣጠሪያ ጋር ሆኖ የወንዙን አብዛኛውን ውሃ ወደ ቦይ መለሰው። በበጋ ወራት ከሩቅ የመጣ እንግዳ ያየው የራሰ ዐለትና ቀጭን የውሃ ጅማት ሆነ። በመንደሩ በአስጎብኝነት፣ በጀልባ አሻጋሪነትና በልዩ ልዩ ንግድ የሚኖረው ሰው የእንግዳውን ቅሬታ በየቀኑ ይሰማ ነበር።

በግንቦት 2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት ይዞ ሲመረቅ፣ ውሃውን በቀጥታ ከሐይቁ በዋሻ ስለሚወስድ የጢስ ዐባይ ማመንጫዎች ወደ መጠባበቂያነት ተሸጋገሩ። የፏፏቴው ዕድል ግን በሰው እጅ መሆኑ ቀረ ማለት አይደለም፤ አሁንም የሚታየው ውሃ በጨራ ጨራ በር በሚለቀቀው ልክ ነው። ከአለቱ ጫፍ የሚወረወረው ያ ውብ ነገር፣ አንድ ተረኛ ሠራተኛ በር ከፍቶ በር የሚዘጋበት ሥራ ሆኗል። በዚህ ረገድ ጢስ ዐባይ ከኒውዮርኩ ፏፏቴ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ፣ ኒውዮርክ ሰዓቱንና መጠኑን አስቀድሞ ለሕዝብ ማስታወቁ ነው።

አጆራና የሚቀረው ሥራ

ወላይታ ውስጥ ይህ ጥያቄ ገና ያልተዘጋበት ቦታ አለ። ከአረካ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ፣ በወላይታና በከምባታ አገር መካከል፣ አጃቾና ሶኬ የተባሉ ሁለት ወንዞች ጎን ለጎን ወደ አንድ ገደል ይወረወራሉ። የአጆራ ፏፏቴዎች ይባላሉ። ከፍታቸው ከመቶ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ውሃቸው ተገናኝቶ ወደ ኦሞ ይወርዳል። ሁለት ፏፏቴ በአንድ እይታ የሚገኝበት እንዲህ ያለ ቦታ በዓለምም ብዙ አይደለም። ኒውዮርክ 15.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍላ ለአራት ወር ያቆመችውን፣ ከዚያም በከፍታው በብዙ እጅ የሚበልጠውን፣ ወላይታ ያለ ፓምፕ አላት።

እንዲህ ያለ ከፍታ ለማመንጫም ያጓጓል። ውሃው ጥቂት ቢሆንም የመውረጃው ከፍታ ብዙ ስለሆነ፣ ማንኛውም የውሃ ኀይል መሐንዲስ ቦታውን ሲያይ በአእምሮው ቧንቧ መዘርጋቱ አይቀርም። ያ ቀን ሲመጣ ንድፉ መጀመር ያለበት በአንድ ቁጥር ነው፤ ይኸውም ለዐይን የሚቀረው ውሃ ስንት ሜትር ኩብ በሰከንድ ይሁን? በየትኛው ወር? በየትኛው ሰዓት? በመስከረም፣ የጊፋታ በዓል ዘመድ ከየአገሩ በሚሰበስብበት ወቅት፣ ወንዙ ራሱ ሙሉ ስለሆነ ጥያቄው ቀላል ነው። በየካቲትና በመጋቢት ግን ይከብዳል። ቁጥሩ በንድፉ ውስጥ ካልገባ በኋላ አይገባም፤ ጢስ ዐባይ ይህን አሳይቷል።

በግድቡ ሐይቅ ላይም ሥራ አለ። በዳውሮ በኩል የኮይሻ ፕሮጀክት አካል የሆነው የሐላላ ኬላ ማረፊያ ተሠርቷል፤ ስሙን የወሰደውም ከዚያው ከጥንቱ ንጉሥ ነው። ሐይቁ ዛሬ በሁለት ክልሎች መካከል የሚገኝ በመሆኑ፣ በወላይታ በኩል የሚሠራው ከዳውሮው ጋር የሚደጋገፍ እንጂ የሚሻማ መሆን የለበትም። መሐንዲሱን የሚፈትነው ግን የሐይቁ ባሕርይ ነው። የማመንጫ ሐይቅ ወለል በዓመት ውስጥ በብዙ አሥር ሜትሮች ሊወርድና ሊወጣ ይችላል። ለዓባያ ወይም ለጣና የሚሠራ ቋሚ የጀልባ ማቆሚያ እዚህ በአንድ በጋ ከውሃ ርቆ በጭቃ ላይ ቆሞ ይገኛል። ክሪስቶ ከአርካንሳሱ ሽንፈት በፊት በነበረው ክረምት፣ ከሰኔ 11 እስከ 26 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በኢጣሊያ ኢዜኦ ሐይቅ ላይ 220,000 ባዶ የፕላስቲክ ኩቦችን አያይዞ 3 ኪሎ ሜትር የሚሆን ተንሳፋፊ መንገድ ዘርግቶ ነበር። በ16 ቀን ውስጥ 1.2 ሚሊዮን ሰው ሄደበት፤ ትንሿ የሱልዛኖ ከተማና ባቡሯ ጭንቅ ውስጥ ገቡ። ሥራው ተፈትቶ ሲነሣ ሐይቁ ቀድሞ እንደነበረ ሆነ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ነው። በሚለዋወጥ ውሃ ላይ የሚሠራ ሁሉ አብሮ የሚንሳፈፍና ተፈትቶ የሚነሣ ይሁን፤ እንግዳ ከመጠራቱ በፊትም መንገዱ፣ የመጠጥ ውሃውና የቆሻሻ ማስወገጃው ይሰላ።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ግድብ አይሠራ የሚል አይደለም። ጊቤ ሦስት ለሀገር የሰጠው ብርሃን የሚካድ አይደለም፤ ከሶዶ ተነሥቶ ኬንያ የሚደርሰውም መሥመር የዚህ ትውልድ መሐንዲሶች የሚኮሩበት ነው። ነገር ግን ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ ኦሞን የወረዱት ጀልባዎች ያዩት ፈጣን ውሃ ተመልሶ አይታይም። ለዚያ የወንዝ ክፍል የጎብኚ መዝገብ ሳይከፈትለት፣ ፈጣን ውሃው ሳይለካ፣ ፍል ውሃው በወጉ በካርታ ሳይሠፍር ሐይቁ ሞላ። የጠፋው ጉዞው ብቻ አይደለም፤ ስለ ጉዞው ሊኖር የሚገባው መረጃም ነው።

ሠዓሊው ሥራውን ሲያፈርስ ወንዙን እንደነበረ ይመልሳል። መሐንዲስ ይህ ዕድል የለውም፤ የሠራው ይቆያል። ስለዚህ ሠዓሊው ለሁለት ሳምንት ሥራ የተጠየቀውን ያህል፣ መሐንዲሱ ለመቶ ዓመት ሥራ ራሱን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። አጆራ ዛሬም እንደ ጥንቱ ይወርዳል። የውሃው ልክ በየወሩ ቢመዘገብ፣ የሚመጣው እንግዳ ቢቆጠር፣ ወደ ገደሉ ጫፍ የሚወስደው መንገድና የደኅንነት አጥሩ ቢሠራ፣ ወደ ፊት ማመንጫ ለመሥራት የሚነሣው መሐንዲስ ከባዶ ወረቀት አይጀምርም። ይህን መዝገብ ለመክፈት የሚያስፈልገው አንድ የውሃ መለኪያ ምሰሶና አንድ ትጉህ አንባቢ ነው።